የድንጋይ ከሰል ባቡርና ወደብ ማስፋፋት፦ ስለ ሪቻርድስ ቤይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ደቡብ አፍሪካው የከሰል መስመር ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁንን እዚህ ሰብስበናል፤ ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሪቻርድስ ቤይ የት ነው? ስሙ ለምን ይነሳል?

ሪቻርድስ ቤይ በደቡብ አፍሪካ፣ ክዋዙሉ-ናታል በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ከደርባን በስተሰሜን በሕንድ ውቅያኖስ ዳር ያለ ወደብ ነው። በአፍሪካ ትልቁ የድንጋይ ከሰል መላኪያ ተርሚናል እዚያ ይገኛል። በ1976 ሥራ ሲጀምር የታሰበው በዓመት 12 ሚሊዮን ቶን እንዲልክ ነበር። ከዚያ እየሰፋ መጣ። በ2010 አምስተኛው የማስፋፊያ ምዕራፍ ሲጠናቀቅ አቅሙ በዓመት 91 ሚሊዮን ቶን ደረሰ።

ስሙ የሚነሳው ግን በትልቅነቱ ብቻ አይደለም። ወደብ ሰፍቶ ባቡሩ ወደ ኋላ ሲቀር ምን እንደሚከተል በግልጽ ያሳየ ቦታ ነው።

ከሰሉ ከማዕድኑ እስከ መርከቡ በምን መንገድ ይሄዳል?

አብዛኛው ከሰል የሚወጣው ምፑማላንጋ ከሚባለው ደጋማ ክፍለ ሀገር ነው። በየማዕድኑ የተጫኑ ባለ 100 ፉርጎ ባቡሮች ኤርሜሎ ወደምትባል ከተማ ይመጣሉ። እዚያ ሁለቱ ተቀጥለው አንድ ባለ 200 ፉርጎ ባቡር ይሆናሉ። ርዝመቱ 2 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ከዚያ በኤሌክትሪክ እየተሳበ፣ ዋሻና ድልድይ እያለፈ፣ ቁልቁል ወደ ባሕሩ ይወርዳል። ከማዕድኖቹ እስከ ወደቡ ያለው መስመር 580 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል።

ወደቡ ላይ ሲደርስ ማንም በአካፋ አይነካውም፤ ፉርጎም አይፈታም። ሁለት ሁለት ፉርጎ ግዙፍ መገልበጫ ማሽን ውስጥ ይገባል። ማሽኑ ፉርጎዎቹን ከነሐዲዳቸው አቅፎ ይገለብጣቸዋል። ፉርጎዎቹን የሚያያይዘው መጋጠሚያ ራሱ ስለሚሽከረከር ሌላው ባቡር ንቅንቅ አይልም። ከሰሉ ከሥር ባለው ማጓጓዣ ቀበቶ ላይ ይወድቃል፣ ወደ ማከማቻው ሜዳ ሄዶ እንደ ተራራ ይከመራል። መርከብ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ማሽን ከክምሩ እየዛቀ ወደ መጫኛው ይልከዋል።

አንድ ባቡር ስንት ቶን ይይዛል? አንድ መርከብ ለመሙላትስ ስንት ባቡር ያስፈልጋል?

አንድ ፉርጎ 84 ቶን ገደማ ከሰል ይይዛል። ባለ 200 ፉርጎው ባቡር እንግዲህ 16,800 ቶን ይዞ ይመጣል ማለት ነው። ኬፕሳይዝ የሚባሉት ትልልቅ መርከቦች 150 ሺህ ቶንና ከዚያም በላይ ይጭናሉ። አንዱን ለመሙላት ዘጠኝ አሥር ባቡር መግባት አለበት።

ወደ ዓመት ስናመጣው ነገሩ ይበልጥ ይገለጻል። ተርሚናሉ 91 ሚሊዮን ቶኑን እንዲልክ በየቀኑ፣ እሑድም በዓልም ሳይል፣ 15 ያህል ሙሉ ባቡር መድረስ ይኖርበታል። በ2023 የተላከው 47 ሚሊዮን ቶን ገደማ ነበር። በሙሉ ባቡር ሲሰላ በቀን 8 እንኳ አይሞላም።

ሐዲዱ የማን ነው? ወደቡስ?

ተርሚናሉ የግል ነው። ባለቤቶቹ ራሳቸው ከሰል ላኪዎቹ ናቸው፤ ግሌንኮር፣ ቱንጌላና ኤክሳሮ ከእነሱ ውስጥ ናቸው። ሐዲዱ ግን ትራንስኔት የሚባለው የመንግሥት ድርጅት ነው። የከሰል ባቡሮቹንም ሲያንቀሳቅስ የኖረው እሱ ነው። የባሕሩን በር ጥልቀት የሚጠብቀውና መርከቦችን የሚያስገባው የወደቦች ባለሥልጣንም በዚሁ በትራንስኔት ሥር ነው።

ይህ ክፍፍል ብዙ ነገር ያስረዳል። የግሎቹ ኩባንያዎች የከሰል ዋጋ ጥሩ በነበረበት ዘመን ገንዘባቸውን በገዛ ግቢያቸው አፈሰሱ። ከአጥሩ ውጭ ያለውን ሐዲድ ግን ሊያዙበት አይችሉም። በአንድ ሥራ ላይ ሁለት አዛዥ፣ ሁለት በጀት፣ ሁለት ዕቅድ ማለት ነው።

የወደቡ አቅም 91 ሚሊዮን ቶን ነው ሲባል ያን ያህል ይላካል ማለት ነው?

አይደለም። ያን ያህል ተልኮም አያውቅም። ከፍተኛው መጠን በ2017 የተላከው 76 ሚሊዮን ተኩል ቶን ገደማ ነው። ሺህ ሰው የሚይዝ አዳራሽ ሠርተህ በሩ አንድ አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ከሆነ፣ የአዳራሹ ስፋት ምንም አይፈይድህም። እዚህ በሩ ሐዲዱ ነው።

የማከማቻው ሜዳ ራሱ የማይታይ ገደብ አለው። ከሰል ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የሙቀት መጠኑ፣ አመዱና ድኙ ይለያያል፤ ገዢው የከፈለበትን ዓይነት ይፈልጋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ዓይነት ለብቻው ይከመራል፣ በክምሮቹ መሃልም ባዶ ቦታ ይቀራል። ዓይነቱ በበዛ ቁጥር ሜዳው ይጠባል። ከሰል ለረጅም ጊዜ ተከምሮ ሲቆይ ደግሞ ከውስጥ እየጋለ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ስለዚህ «አጠራቅመን እናቆየው» የሚባለው መፍትሔ ሩቅ አያስኬድም።

ታዲያ የሚላከው ከሰል ለምን በዚህ ፍጥነት ቀነሰ?

መጀመሪያ ቁጥሩን እንይ። በ2019 ከተርሚናሉ 72 ሚሊዮን ቶን ወጣ። በ2021 58.7፣ በ2022 50.3፣ በ2023 ደግሞ 47.2 ሚሊዮን ቶን ሆነ። ይህ የመጨረሻው በሠላሳ ዓመት ውስጥ ዝቅተኛው ነው። በ2024 ትንሽ አንሰራርቶ 52 ሚሊዮን ደረሰ። ገዢ ጠፍቶ አይደለም። በ2022 አውሮፓ የሩሲያን ከሰል ስታግድ ዋጋው በቶን ከ400 ዶላር በላይ የወጣበት ጊዜ ነበር። ገዢው ወደቡ በር ላይ ገንዘብ ይዞ ቆሞ ሳለ ከሰሉ በማዕድኑ ግቢ ተከምሮ ቀረ።

አንዱ ምክንያት ሎኮሞቲቭ፣ ማለትም ፉርጎዎቹን የሚስበው ሞተር ነው። ትራንስኔት በ2014 1,064 ሎኮሞቲቮች ለመግዛት ከአራት አምራቾች ጋር ተዋዋለ። በ38.6 ቢሊዮን ራንድ የተገመተው ግዢ 54 ቢሊዮን ገደማ ገባ። ጉዳዩ በመንግሥት ላይ የተፈጸመውን ዘረፋ ያጣራው የዞንዶ ኮሚሽን ከመረመራቸው ትልልቅ ጉዳዮች አንዱ ሆነ። ከቻይናው አምራች ጋር የነበረው ውል ፍርድ ቤት ሲደርስ መለዋወጫ ማግኘት ችግር ሆነ። ብዙ ሎኮሞቲቮች በአንድ ዕቃ እጦት ቆሙ። ሙስና ሲባል ብዙ ጊዜ የምናስበው የተበላውን ገንዘብ ነው። እዚህ ግን የገንዘቡ ጉዳት ቀላሉ ነው፤ ባቡሩ ራሱ ለዓመታት መቆሙ ይብሳል።

ሁለተኛው የሽቦ ስርቆት ነው። መስመሩ በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ ከሐዲዱ በላይ የመዳብ ሽቦ ተዘርግቷል። ሌቦች በሌሊት ቆርጠው ይወስዱታል። ሽቦው ሲቆረጥ ባቡሩ ባለበት ይቀራል፣ ከኋላው ያሉትም ይሰለፋሉ። የሲግናል ገመድ ከተወሰደ ደግሞ መብራቶቹ ይጠፋሉ። ያኔ ባቡሮችን በቃል ትእዛዝ፣ ከአንድ ጣቢያ ወደሚቀጥለው እያስፈቀዱ፣ በዝግታ ማሳለፍ ግድ ይሆናል። ጥቂት ሜትር ሽቦ የአንድ ቀን ሥራ ያጠፋል። በዚህ ላይ የጥገናው መጓተት አለ። በኖቬምበር 2022 አንድ የከሰል ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ መስመሩን ለቀናት ዘጋው። በጃንዋሪ 2024 ሁለት ባቡሮች እዚሁ መስመር ላይ ተጋጩ።

ባቡሩ ካልሠራ ለምን በጭነት መኪና አይወስዱትም?

ወሰዱት እንጂ። በተለይ በ2022 የከሰሉ ዋጋ ሰማይ ሲነካ የመኪናው ኪራይ ቢወደድም ያዋጣ ነበር። ግን ሒሳቡን ተመልከቱ። አንድ ተሳቢ 34 ቶን ገደማ ይጭናል። የአንድን ባቡር ጭነት ለመተካት ወደ 500 መኪና ያስፈልጋል። አንድ ትልቅ መርከብ ለመሙላት ደግሞ ከአራት ሺህ በላይ።

ወደ ሪቻርድስ ቤይ የሚወስደው ኤን 2 የሚባለው አውራ ጎዳና ይህን ሁሉ እንዲሸከም አልተሠራም። መንገዱ ተበላሸ። የመኪና ሰልፍ ከወደቡ ወጥቶ ከተማውን አጨናነቀ። በ2023 መጨረሻ ገደማ ባለሥልጣናቱ ወደ ወደቡ የሚመጡ ከባድ መኪኖችን ለጊዜው እስከማስቆም ደረሱ። የከሰሉ ዋጋ ሲወርድ ደግሞ መኪናው አላዋጣ አለ፣ ላኪዎቹም ማዕድናቸው ላይ ምርት ቀነሱ።

በሌላ ወደብ ማውጣት አይቻልም?

ይቻላል፣ በትንሹ። ለምፑማላንጋ ማዕድኖች የሞዛምቢኩ ማፑቶ ቅርብ ነው። ከከተማዋ አጠገብ ባለው ማቶላ የከሰል ተርሚናል አለ፤ አቅሙ ግን በዓመት ከ7 ሚሊዮን ቶን ብዙም አይዘልም። ወደዚያ የሚሄደው መኪናም የድንበር ኬላው ላይ ረጅም ሰልፍ ይጠብቀዋል።

አዲስ ሐዲድ ሳይዘረጋ የባቡር አቅም ሊያድግ ይችላል?

በደንብ ይችላል። ባቡሩን ማስረዘም አንዱ ነው፤ ከ100 ወደ 200 ፉርጎ የተሄደው ለዚህ ነው። ሌላው እያንዳንዱ ፉርጎ የሚሸከመውን መጨመር ነው። የከሰሉ መስመር በአንድ አክስል፣ ማለትም ሁለት ጎማ በሚያገናኘው ዘንግ፣ 26 ቶን ይችላል። ይህ ከተራ መስመር ይበልጣል፣ ግን ሐዲዱን፣ ከሥሩ ያለውን ጠጠርና ድልድዮቹን ሁሉ አጠናክሮ የተገኘ ነው። ሲግናል ሲሻሻል ባቡሮች ተቀራርበው መሄድ ይችላሉ። ፉርጎዎች ቶሎ ተጭነውና ተራግፈው ሲመለሱ በዚያው ብዛት ብዙ ምልልስ ይገኛል።

አንዳንዴ ግን ግንባታ የግድ ነው። ኤርሜሎ አካባቢ ኦቨርፋል የሚባል 4 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ዋሻ አለ። ሌላው መስመር ድርብ ሆኖ ሳለ በዋሻው ውስጥ ያለው ሐዲድ ግን ነጠላ ነው። አንዱ ባቡር እስኪያልፍ ሌላው ይቆማል። ሁለተኛ ዋሻ የመቆፈር ዕቅድ ለዓመታት ሲነሳ ሲወድቅ ኖሯል። በ2023 እንደታየው ባቡሮቹ በአማካይ በቀን 8 እንኳ በማይሞሉበት ሰዓት ዋሻ መቆፈር ትርጉም የለውም። መጀመሪያ የቆሙት ሎኮሞቲቮች ይነሱ፣ ሽቦው ይጠበቅ። ዋሻው የሚያስፈልገው ትራፊኩ ወደ ጥንቱ ሲመለስ ነው።

መርከብ ተራ ሲጠብቅ ኪሳራው የማን ነው?

ብዙውን ጊዜ መርከቡን የተከራየው ነው። ከተፈቀደው ቀን በላይ ሲቆም ዲመሬጅ የሚባል የመዘግየት ክፍያ ይቆጠራል። ጅቡቲ ላይ ዕቃ ያስመጣ ነጋዴ ይህን ቃል ማንም ሳያስረዳው ያውቀዋል። ለትልልቅ መርከቦች በቀን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይሆናል። ውሎ አድሮ ዋጋው ውስጥ ይገባል፣ ሻጭም ገዢም ይካፈሉታል።

የዚህ ምሳሌ ያለው አውስትራሊያ ነው። በ2007 ኒውካስል ወደብ ፊት ለፊት ወደ 80 የሚጠጉ መርከቦች ከሰል ለመጫን ተሰልፈው ነበር። በዚያው ዓመት ጁን 8 ቀን ማዕበል ተነሳና ተራ ይጠብቅ የነበረው ፓሻ በልከር የሚባል መርከብ ከከተማው ዳርቻ አሸዋ ላይ ወጣ። መርከበኞቹን በሄሊኮፕተር አዳኗቸው።

ከዚያ በኋላ ወደ ኒውካስል ከሰል የሚልከው የሃንተር ሸለቆ ሰዎች የሠሩት ነገር ሊጠና ይገባዋል። ማዕድኖቹን፣ ባቡሮቹንና ተርሚናሎቹን አንድ ላይ የሚያቅድ አስተባባሪ አካል አጠናከሩ። ባቡሩና ወደቡ በጋራ ሊያስተናግዱት ከሚችሉት በላይ ውል እንዳይሸጥ አደረጉ። በ2010 ሦስተኛ ተርሚናል ሲከፈት ሐዲዱም አብሮ ተጠናክሮ ነበር። ሰልፉ የቀነሰው በሲሚንቶ ብቻ ሳይሆን በአንድ የጋራ መርሐ ግብር ነው።

የግል ባቡር ድርጅቶች ቢገቡ ችግሩ ይፈታል?

ደቡብ አፍሪካ ይህንኑ እየሞከረች ነው። ትራንስኔት ሐዲዱን የሚያስተዳድረውንና ባቡር የሚያንቀሳቅሰውን ክፍል ለያየ። በኦገስት 2025 የትራንስፖርት ሚኒስትሯ ባርባራ ክሪሲ 11 ድርጅቶች በመንግሥት ሐዲድ ላይ የራሳቸውን ባቡር ለማንቀሳቀስ መመረጣቸውን አስታወቁ። ሐዲዱ የመንግሥት ሆኖ ይቆያል፤ ተጠቃሚዎቹ ኪራይ ይከፍላሉ።

እኔ ነገሩን እደግፈዋለሁ፣ ግን አንድ ነገር ይታወቅ። የግል ድርጅት ሎኮሞቲቭ ያመጣል፣ የተሰረቀ ሽቦ ግን አይመልስም። ሐዲዱ፣ ሲግናሉና ጥበቃው እስካልተስተካከለ ድረስ አዲሶቹ ባቡሮችም እዚያው ጨለማ ውስጥ ይቆማሉ። የኪራዩ ልክ ደግሞ ከባድ ጥያቄ ነው። ከፍ ካለ ማንም አይገባም፣ ዝቅ ካለ ለጥገና የሚሆን ገንዘብ አይገኝም።

«ባትጠቀምበትም ክፈል» የሚባለው ውል ምንድን ነው? ለምን ይፈራል?

ወደብም ሐዲድም በብድር ነው የሚሠራው። አበዳሪው «ገንዘቤ በምን ይመለሳል?» ይላል። መልሱ ይህ ውል ነው። ከሰል አምራቹ ለ10 ወይም ለ15 ዓመት በዓመት ይህን ያህል ቶን አሳልፋለሁ ብሎ ይፈርማል። ባያሳልፍም ይከፍላል። ያለዚህ ውል ብዙ ተርሚናሎች ባልተገነቡ ነበር።

ችግሩ የሚመጣው ዋጋ ሲወድቅ ነው። በአውስትራሊያ ግላድስቶን ዊጊንስ አይላንድ የሚባል በዓመት 27 ሚሊዮን ቶን የሚያስተናግድ ተርሚናል ተሠራ። ውሎቹ የተፈረሙት ዋጋው በናረበት ጊዜ ነው። መርከብ መጫን የጀመረው ግን በ2015፣ ገበያው ወድቆ ሳለ ነበር። ከባለ ድርሻዎቹ ጥቂቶቹ ከሰሩ። የእነሱ ዕዳ ለቀሩት ተረፈ። አንዳንድ አምራቾች በኪሳራም ቢሆን ማምረታቸውን ቀጠሉ፣ ምክንያቱም ቢያቆሙም የሐዲዱና የወደቡ ክፍያ አይቆምም።

ሞዛምቢክ አዲስ መስመር ሠርታለች፤ እሷስ ተሳካላት?

መስመሩ ተሳክቷል፣ ትርፉ ግን ለሠራው አልሆነም። ከሞአቲዜ ማዕድን ወደ ቤይራ የሚወስደው የሴና መስመር 575 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የቤይራ ወደብ ግን ጥልቀቱ ትንሽ ነው፤ ደለሉ ያለማቋረጥ መዛቅ አለበት፣ ትልልቅ መርከብም አያስገባም። ስለዚህ የብራዚሉ የማዕድን ኩባንያ ቫሌ ማላዊን አቋርጦ ናካላ የሚደርስ 912 ኪሎ ሜትር መስመርና አዲስ ተርሚናል ዘረጋ። ናካላ በተፈጥሮው ጥልቅ ነው። መስመሩ በ2017 ሲመረቅ አቅሙ በዓመት 18 ሚሊዮን ቶን ከሰል ነበር።

ቫሌ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር አፍስሶ በ2022 ማዕድኑንም መስመሩንም ለሕንዱ ቩልካን ኩባንያ በ270 ሚሊዮን ዶላር ሸጦ ወጣ። ግንባታው ውስጥ የገባውን ገንዘብ ለሚያስብ ይህ ዋጋ ያስደነግጣል።

በመስመሩ ዳር የሚኖረው ሰው ምን ያገኛል፣ ምን ያጣል?

ኤርሜሎና ሪቻርድስ ቤይ በዚህ ሥራ የሚኖሩ ከተሞች ናቸው። የባቡር ነጂው፣ የጥገና ሠራተኛው፣ የመካኒኩ፣ የወደቡ ሠራተኛ እንጀራ እዚያ ነው። አቅም ሲወድቅ መጀመሪያ የሚነካው እነሱን ነው።

ጉዳቱም እዚያው ነው። ከሰል ሲራገፍና ሲነፍስ ጥቁር አቧራ ልብስ ላይ፣ መስኮት ላይ፣ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ክምሮቹ ላይ ውኃ የሚረጨው ለዚህ ነው። ከሁሉ የከፋው ግን መኪናው ነው። በሴፕቴምበር 2022 በዚያው በኤን 2 ላይ፣ ፖንጎላ አጠገብ፣ አንድ ከባድ መኪና ተማሪዎች ከጫነች ፒክአፕ ጋር ተጋጭቶ ወደ 20 የሚጠጉ ሰዎች አለቁ። አብዛኞቹ ሕፃናት ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የአካባቢው ሰው «ከባዱ ጭነት ወደ ባቡር ይመለስ» ማለቱን አላቆመም። የባቡር አቅም ጉዳይ የላኪዎች ትርፍ ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ካለ የእነዚያን ልጆች ወላጆች ያስብ።

ይህ ኢትዮጵያን ምን ይመለከታታል?

ሁለት ቦታ ላይ በቀጥታ ይነካናል። የሲሚንቶ ፋብሪካዎቻችን ለረጅም ጊዜ ከሰል ሲያስመጡ ከኖሩባቸው አገሮች ዋናዋ ደቡብ አፍሪካ ናት። አገር ውስጥ የሚወጣውን ከሰል አጥቦ መጠቀም የተጀመረው ለዚያ የሚወጣውን ዶላር ለማዳን ነው።

ሁለተኛው የአዲስ አበባ-ጅቡቲ ባቡር ነው። በ2016 ተመርቆ በ2018 መደበኛ ሥራ ጀመረ። እሱም በኤሌክትሪክ ይሠራል፣ እሱም ሽቦና ብረት ይሰረቅበታል። አብዛኛው የወጪና ገቢ ጭነታችን አሁንም በጭነት መኪና ነው የሚመላለሰው። ደቡብ አፍሪካ 50 ዓመት የሠራ፣ በደንብ የተገነባ መስመር ነበራት። በአሥር ዓመት ገደማ የጥገናና የግዢ ብልሽት ከሚሸከመው ሲሶው ያህል አጣ። እኛ ገና ዕዳውን እየከፈልን ያለነው መስመር ላይ ይህ እንዳይደርስ፣ ለመለዋወጫና ለጥበቃ የሚያዘው በጀት ከሁሉ ቀድሞ ሊነካ አይገባም።

ዓለም ከከሰል እየራቀ ነው እየተባለ አቅም ማስፋት ምን ይጠቅማል?

ይህ ከሁሉ ከባዱ ጥያቄ ነው። ከሪቻርድስ ቤይ ከሚወጣው ከሰል ትልቁን የምትገዛው ሕንድ ናት፣ እስያ ደግሞ ቶሎ የምታቆም አትመስልም። በሌላ በኩል አውሮፓ በ2022 ተሻምታ ገዝታ ወዲያው ቀንሳለች። በኒውካስል የታቀደው አራተኛ ተርሚናል በ2018 ሳይጀመር ተሰረዘ፤ ላኪዎቹ ያለው ይበቃናል አሉ። ደቡብ አፍሪካ ራሷ በ2021 ከከሰል ለመሸጋገር የ8.5 ቢሊዮን ዶላር ድጋፍ ቃል ተገብቶላት ነበር።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ለከሰል ብቻ የሚሆን አዲስ ወደብና አዲስ መስመር ዛሬ መጀመር ልክ አይደለም። ዕዳው 20 ዓመት ይቆያል፣ ገበያው ግን ያን ያህል ለመቆየቱ ዋስትና የለም። ያለውን መጠገን ግን ሌላ ነገር ነው። ጥገና ወጪውን ቶሎ ይመልሳል፣ መኪናውን ከመንገድ ያነሳል፣ የተጠገነው ሐዲድም ለሌላ ጭነት ይሆናል።

የከሰል ጊዜ ሲያልፍ ሐዲዱና ወደቡ ምን ይሆናሉ?

እንደ ዕቃው ዓይነት ይለያያል። ሐዲዱ፣ ኤሌክትሪኩ፣ ሲግናሉና የወደቡ ጥልቀት ለማንኛውም ከባድ ጭነት ያገለግላሉ። አሁንም ክሮምና ማግኔታይት የሚባለው የብረት ማዕድን በሪቻርድስ ቤይ በኩል ይወጣሉ፤ የክሮም ፍላጎት ደግሞ የሚጠፋ አይመስልም። ፉርጎው ላይ ግን ችግር አለ። ማዕድን ከከሰል በጣም ስለሚከብድ ለከሰል የተሠራው ትልቅ ፉርጎ በማዕድን ከተሞላ ከሚፈቀደው ክብደት በላይ ይሆናል። ገና ግማሽ ሳይሞላ መቆም አለበት።

ተርሚናሉ ከሁሉ ይቸገራል። መገልበጫው፣ ቀበቶውና መጫኛው የተሠሩት ቀላልና ብዙ ለሆነ ጭነት ነው። ባለቤቶቹም ከሰል ላኪዎች ስለሆኑ ሌላ ጭነት ለማስገባት ውሉና የመሬት ኪራዩ እንደገና መታየት ይኖርበታል። ያንን ንግግር መጀመር የሚሻለው ተርሚናሉ ገና ገቢ እያለው፣ ሠራተኛውም በሥራው ላይ እያለ ነው።